ለምርምር ፕሮፖዛል መቀበያ የኦንላይን ሲስተም እንዴት ይመረጣል?

ፕሮፖዛል በኢሜይል መቀበል የሚያዋጣው ጥሪው በዓመት አንዴ ሲወጣና አመልካቹ ከ30 ሳይበልጥ ነው። ከዚያ በኋላ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ይደባለቃሉ። የትኛው ለገምጋሚ እንደተላከ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ እሱም ያን ሳምንት ፈቃድ ላይ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በኮሌጅ፣ በምርምር ማዕከል ወይም በግብረ ሰናይ ድርጅት «ሲስተም ምረጡ» ተብላችሁ ኮሚቴ ከገባችሁ፣ አስቀድማችሁ ይህን ያዙ፦ ፎርም ማስሞላትና ፋይል መቀበል የማይችል ሲስተም የለም። ልዩነቱ የሚታየው ፕሮፖዛሉ ከገባ በኋላ ባለው ሥራ ነው። ሻጩ የፎርሙን ውበት ሊያሳያችሁ ሲጀምር ወደ ግምገማው ገጽ እንዲያልፍ ጠይቁት።

1. የሥራውን መንገድ በወረቀት አስፍሩ

ዋና ተመራማሪው ያስገባል፤ ትምህርት ክፍሉ ያያል፤ የኮሌጁ የምርምር አስተባባሪ የጎደለ ነገር እንደሌለ ያጣራል፤ ገምጋሚዎች ነጥብ ይሰጣሉ፤ ተመራማሪው አርሞ ይመልሳል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይፈቅዳል፤ ውል ይፈረማል፤ ገንዘቡ በዙር ይለቀቃል። የእናንተም መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየእርከኑ ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚወስን፣ ደግሞም ማን ማየት እንደሌለበት ጻፉ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ግምገማው ስም ሳይታወቅ የሚካሄድ ከሆነ ስሙን ከፎርሙ ላይ መደበቅ ብቻ አይበቃም። የዎርድ ፋይል የጸሐፊውን ስም በውስጡ ይይዛል፤ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. ሲቀየርም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጥሪው ላይ አመልካቹ ስሙን ከፋይሉ መረጃ ውስጥ እንዲያጠፋ መመሪያ ይግባ።

2. የሚመጥናችሁን ዓይነት ለዩ

ለትንሽ ጥሪ ጉግል ፎርምና አንድ የተመን ሉህ ይበቃሉ፤ ማንም እንዳያሳፍራችሁ። ሆኖም ፋይል የሚጭን አመልካች በጉግል አካውንት መግባት ግድ ይሆንበታል፤ ለገምጋሚ ማከፋፈሉም የእጅ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

የምርምር መረጃ መሰብሰቢያ የሆነው ሬድካፕ ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ አመልካቹ የጀመረውን አስቀምጦ በኋላ እንዲመለስም ይፈቅዳል። ግን ተቋሙ ውል መፈረም፣ የራሱን ሰርቨር ማቆምና የሚጠብቀው ባለሙያ መመደብ አለበት። ብዙዎች «እኛ እኮ ኦ.ጄ.ኤስ. አለን» ይላሉ። ኦ.ጄ.ኤስ. የተሠራው ለመጽሔት ነው፤ ጽሑፍ ለገምጋሚ መላክን አሳምሮ ይችላል፣ በጀትና በዙር የሚለቀቅ ክፍያን ግን አያውቅም። ኢዚቼርና የማይክሮሶፍቱ ሲ.ኤም.ቲ. ደግሞ የጉባኤ መሣሪያዎች ናቸው፤ የጥቅም ግጭት ያለበትን ገምጋሚ በመለየት ይረዳሉ፣ ሥራቸው ግን «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ላይ ያበቃል።

እንደ ሰብሚተብልና ስማርትሲምፕል ያሉት የሚሸጡ ሲስተሞች ከጥሪ እስከ ክፍያ ሪፖርት ይሸፍናሉ። ችግሩ የዓመት ክፍያው በዶላር መሆኑ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዘንድሮ በብር የያዛችሁት በጀት ለከርሞ ያንኑ አገልግሎት ላይገዛ ይችላል። የውጭ ምንዛሪውን ከየት እንደምታገኙ ሳታውቁ ውል አትፈርሙ።

3. በደካማው ኔትወርክ ለኩት

ቢሮ ባለው መስመር የተሞከረ ሲስተም አልተሞከረም። 10 ሜጋባይት ፋይል በሴኮንድ 512 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር ሲጫን ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስዳል፤ ያውም መስመሩን ሌላ ሰው ሳይጋራው ነው። በመጨረሻው ሰዓት ሁሉም አንድ ላይ ሲጭን ምን እንደሚሆን ገምቱት። ለአንድ ፋይል 5 ሜጋባይት ገደብ አስቀምጡ፤ ስካን የተደረገ ፎቶ ካልበዛበት ለፕሮፖዛል ይበቃል።

ከዚያ ግማሹን ፎርም በስልክ ሙሉና ዳታውን አጥፉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ክፈቱት። የተጻፈው ካልተገኘ ሲስተሙን ከዝርዝሩ ሰርዙት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያለቅስ አመልካች ይኖራችኋልና። በመጨረሻም ፕሮፖዛሉ ሲገባ ቁጥርና ሰዓት ያለበት ማረጋገጫ ወዲያው መምጣቱን እዩ። ማረጋገጫ ያላየ አመልካች ደግሞ ይልካል፤ የተደጋገመ ፕሮፖዛል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

4. ፊደል፣ ስም፣ ሰዓት

ውጭ የተሠራ ሲስተም እዚህ ሲመጣ የሚሰናከለው በብዛት እነዚህ ላይ ነው።

የጽሑፍ ገደብን በባይት የሚቆጥሩ ሲስተሞች አሉ። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ሥርዓት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ «3000» የተባለው ሳጥን 1000 ፊደል ሲደርስ ይዘጋል። አንድ ገጽ አማርኛ ለጥፋችሁ ፈትኑት። ያንኑ ገጽ በፒ.ዲ.ኤፍ. አውርዱ፤ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከወጣ ሰርቨሩ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የለውም። በሲ.ኤስ.ቪ. (ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ወርዶ በኤክሴል ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ ግን ዳታው አልተበላሸም፤ ኤክሴል የፊደሉን ዓይነት ስላላወቀ ነው። በኤክሴል የዳታ ማስገቢያ በኩል ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 መርጣችሁ ክፈቱት። ፍለጋውንም ሞክሩ፤ «ሀይሉ» ብሎ ለፈለገ «ኃይሉ» የማይመጣ ከሆነ ሠራተኞቻችሁ በመለያ ቁጥር መፈለግን ይልመዱ።

ስምን «የመጀመሪያ» እና «የቤተሰብ» ብሎ የሚከፍል ፎርም እኛ ዘንድ ችግር ይፈጥራል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ይኑሩ። ወሎ ውስጥ ሰዒድ መሐመድ የሚባል ተመራማሪ አንድ ብቻ አይሆንም፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ መሐመድ ብቻውን አራት አምስት ዓይነት ይሆናል። ሰውን በስሙ ሳይሆን ኦርሲድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪ መለያ ቁጥር የሚለይ ሲስተም ምረጡ፤ ቁጥሩ 16 አሃዝ ነው፣ ለተመራማሪው በነፃ ይሰጣል።

ሰዓቱ ከሁሉም ይብሳል። ጥሪው «ከቀኑ 9 ሰዓት» ካለ ሲስተሙ ላይ የሚሞላው 15፡00 ነው። 9፡00 ብሎ የሞላ ሰው በሩን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይዘጋዋል። ሰርቨሩ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው በዓለም መደበኛ ሰዓት (ዩ.ቲ.ሲ.) ከሠራና ማብቂያው እኩለ ሌሊት ከተባለ እዚህ የሚዘጋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ አድርጉት፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሪፖርቱም ቀኑን እናንተ የምትወስኑለት ይሁን፤ በጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ በፈረንጆቹ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7።

ማብቂያውንም እኩለ ሌሊት አታድርጉት፤ ያኔ ስልክ የሚያነሳ ሰው የለም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ዓርብ ጁምዓ አለ፤ ሰኞ ደሴ ገበያ ናት።

5. ግምገማው

ገምጋሚው በራሱ ገጽ የተሰጡትን ፕሮፖዛሎች፣ የነጥብ መስጫውንና የቀረውን ቀን ማየት አለበት። የአንድ ትምህርት ክፍል ሰዎች እርስ በርስ እንዳይገማገሙ ሲስተሙ ራሱ ይከልክል።

አማካይ ብቻ የሚያሳይ ሲስተም ያሳስታል። አንዱ ገምጋሚ ሁሉንም ከ60 በታች፣ ሌላው ሁሉንም ከ85 በላይ ሲሰጥ፣ የተመራማሪው ዕጣ በፕሮፖዛሉ ሳይሆን በደረሰው ገምጋሚ ይወሰናል። የእያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻው ይታይ፤ ልዩነቱ ከ100 ነጥብ 20 ሲያልፍ ሲስተሙ ያስታውቅና ሦስተኛ ገምጋሚ ይጨመር። ነጥብ ከተሰጠ በኋላ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ መሆኑንም አረጋግጡ። ቅሬታ ሲመጣ መልስ የሚሆነው ይህ መዝገብ ነው።

6. ዳታው የት ይቀመጣል?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ የአመልካቾች ስልክ፣ መታወቂያና የባንክ ሂሳብ ያለበት ሰርቨር የት አገር እንደሆነ ሻጩ በጽሑፍ ይመልስ፤ መልሱን ለተቋሙ የሕግ ክፍል አሳዩ።

ቅጂው ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ። ደሴ ያለውን ኮምቦልቻ መገልበጥ «ከከተማ ውጭ» አይባልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የነካው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ብዙ ንብረት ተዘርፎበታል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ሻጩ ሁሉንም ፕሮፖዛልና ነጥብ ከነፋይሎቹ ፊታችሁ ያውርድ። «ስትለቁን እንሰጣችኋለን» የሚል መልስ አይበቃም።

7. በአሮጌ ፕሮፖዛል ፈትኑት

ያለፈ ዓመት 5 ፕሮፖዛሎች ከባለቤቶቻቸው አስፈቅዱ። ሁለት ወይም ሦስት ሲስተሞች ላይ አስገቧቸው፤ ኮምፒውተር ብዙም የማይወድ አንድ ገምጋሚ ጨምሩ፣ ሁለት ሳምንት ስጡት። ሆን ብላችሁም ስህተት ፍጠሩ፦ ተሳስቶ የተጫነ ፋይል፣ በጀቱ ያልተደመረ ፕሮፖዛል፣ ከማብቂያው 5 ደቂቃ ዘግይቶ የመጣ። ሥራውን ከሚያውቅ አንድ ሰው ሌላ ማንም ሊያርመው ካልቻለ፣ ያ ሰው ሲዛወር ሲስተሙም አብሮ ይቆማል።

የመጀመሪያውን እውነተኛ ጥሪ ስታወጡ አንድ ሠራተኛ ስልክ ላይ መድቡ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ሌላ ሥራ አይሰጠው። ሲስተሙ በማብቂያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆመ ጊዜው በ24 ሰዓት እንደሚራዘም አስቀድሞ ጥሪው ላይ ይጻፍ።