አሮጌ የወንድ ሸሚዝ አትጣሉ፦ ጉርድ፣ ባለ ጥለት ሸሚዝና የልጅ ቀሚስ እቤት እንዴት ይሰራል

የአባታችሁን ወይ የባላችሁን ሰፊ ሸሚዝ ለልዋጭ ሰጥታችሁ አንድ የላስቲክ ሳፋ ከመቀበላችሁ በፊት እስኪ ገልብጡና ስፌቱን እዩት። ቁልፎቹ በልካቸው ተተክለዋል፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ዙሪያቸው ተዘምዝሟል፣ የታችኛው ጠርዝ ሁለቴ ታጥፎ ተሰፍቷል፣ የጎኑ ስፌት ተደርቦ ክር እንዳይወጣው ተደርጓል። ጀማሪን የሚያስለቅሰው ይሄ ሁሉ ነው እንጂ ቀጥ ብሎ መስፋትማ ትንሽ የተለማመደ ሰው ይችለዋል። እና እኔ አሮጌ ሸሚዝ ላይ ስሰራ የምከተለው ነገር አንድ ነው፣ ፋብሪካው የጨረሰልኝን አልነካም፣ መቀሴ የሚያርፈው ባዶው ጨርቅ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ሸሚዙን ብትንትን አድርገው ከዜሮ ነው የሚጀምሩት፣ እንደዛ ከሆነማ መርካቶ ሄጄ ጨርቅ በሜትር አልገዛም እንዴ?

ቤት ውስጥ ከሌለ ሳልባጅ ተራ ሂዱና ትልልቁን ሳይዝ ፈልጉ፣ ኤክስ ኤል እና ከዛ በላይ፣ ሰው ለመልበስ ስለማይሻማበት ዋጋም መከራከር ይቻላል። ስትመርጡ ጀርባውን ወደ ብርሃን አንሱት፣ ከትከሻው ስር ጨርቁ ሳስቶ ማዶ የሚያሳይ ከሆነ አትድከሙበት፣ ክር ሲገባበት ይተረተራል። ኮሌታው ማለቁ ወይ ብብቱ ቢጫ መሆኑ ግን አያስጨንቃችሁ፣ ለጉርድ ከሆነ ሁለቱም ተቆርጠው ነው የሚወጡት። በነገራችን ላይ የብብት ቢጫ ላይ በረኪና የምታፈሱ ሰዎች በናታችሁ ተዉ፣ ላብና ዲዮድራንት ያመጣውን ቢጫ በረኪና ያባብሰዋል እንጂ አያለቅቀውም፣ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት ካቆያችሁት በኋላ ማሸት ይሻላል።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፣ አንገቱ ላይ ያለው ጽሁፍ ከጠፋ ከውስጥ ስፌቱ ጥቂት ክር መዛችሁ በወረንጦ ይዛችሁ እቃ ማጠቢያው ላይ በክብሪት ለኩሱት። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና ብን የሚል ግራጫ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ቀልጦ ደረቅ ጥቁር ጠብታ ከሆነና ፕላስቲክ ከሸተተ ፖሊስተር ነው፣ ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዛ ከሆነ ደሞ ቅልቅል ነው። ይሄ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ጥጥ ሙቅ ካውያ ይችላል፣ የተኮሳችሁት እጥፋትም እጥፍ እንዳለ ይቆያል፣ ቀለም ልንከረው ብትሉም ይቀበላል፣ ፖሊስተር ግን በሙቅ ካውያ ያብለጨልጫል አልፎም ይቀልጣል፣ ቤት ውስጥ የሚነከር ተራ ቀለምም አይዘውም። ምንም ይሁን ምን ግን ሳትቆርጡ በፊት እጠቡት፣ ተኩሱት፣ በተለይ ሁለት የተለያዩ ጨርቆች የምታጋጥሙ ከሆነ አንዱ በኋላ ሸብሸብ ብሎ ሌላውን ይዞት እንዳይጎተት።

እቃ ብዙ አያስፈልግም። ሰፋ ያለ የጨርቅ መቀስ (የወጥ ቤቱን አይደለም)፣ ሜትር፣ ስፒል፣ መርፌ ቁልፍ፣ ለመተርተሪያ ምላጭ፣ ምላጩን ግማሹን በፕላስተር ጠቅልሉት። ለምልክት አልቆ የሳሳና የደረቀ ሳሙና ያዙ፣ ልብስ ሰፊዎቹም እሱን ነው የሚጠቀሙት፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል ሲታጠብም ይለቃል። ነጭ ከሆነ እርሳስ በስሱ። ካውያውን ደሞ አጠገባችሁ አድርጉት፣ እያንዳንዱን ስፌት ሳትተኩሱ ወደሚቀጥለው ከሄዳችሁ ስትጨርሱ እቤት የተሰራ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ቀን መብራት ጠፍቶ ካውያው ካልሰራ ቁጭ ብላችሁ ተርትሩ።

እሺ ጉርዱ። መጀመሪያ ዳሌያችሁን ተለኩ፣ ሸሚዙን ቆልፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ብብቱ ስር ወርዱን ለክታችሁ በሁለት አባዙት፣ ከዳሌያችሁ ቢያንስ በ10 ሴንቲ መብለጥ አለበት፣ 15 እና 20 ቢበልጥ ይበልጥ ያምራል። የደረት ኪሱን ቀደም ብላችሁ ተርትራችሁ አንሱት፣ ምክንያቱም የኪሱ ታች ብዙ ጊዜ ከብብት መስመር በታች ይወርዳል፣ መሀሉን ብትቆርጡት ደሞ ኪሱም ከጥቅም ውጪ ነው። ሸሚዙ ጸሀይ የጠጣ ከሆነ ኪሱ የነበረበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይቀራል፣ እሱ ግን ወገቡ አካባቢ ስለሚውል ከላይ የምትለብሱት ቲሸርት ይሸፍነዋል። አሁን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው በሳሙና ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ቁረጡ። መስመሩ ቁልፍ ላይ እንዳያርፍ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ አድርጉት። እጃችሁ ላይ የቀረው ከላይ ክፍት የሆነ፣ ከታች ጠርዙ ያለቀለት፣ ፊት ለፊቱ በቁልፍ የወረደ ጉርድ ነው፣ እስካሁን አንድም ስፌት አልሰፋችሁም።

ከላይ ያለውን 1 ሴንቲ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተኩሱ፣ ከዛ እንደገና 3 ሴንቲ አጥፉና ተኩሱ፣ ይሄ የላስቲክ መግቢያው ነው። እጥፋቱ ውስጥ የሚገባ ቁልፍ ካለ ንቀሉት፣ የስፌት መኪናው መርፌ አግኝቶት ይሰበራል፣ ቁልፉን ግን አትጣሉት። ከዛ ዙሪያውን ከታችኛው እጥፋት ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ ስፉ፣ ቁልፉ መደዳ ጋ ስትደርሱ ሁለቱ ጨርቆች ተደራርበው ስለሚወፍሩ መኪናዋን በእግር ሳይሆን መዘውሩን በእጅ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አሳልፏት። 5 ሴንቲ የሚሆን ክፍት ተዉ። ላስቲኩ ወርዱ 2.5 ሴንቲ ይሁን፣ ርዝመቱ ከወገባችሁ 5 ሴንቲ ይነስ። አንዱን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ያዙና እየገፋችሁ አስገቡት፣ ሌላኛውን ጫፍ ግን ከክፍቱ ጋር በስፒል ሰክታችሁ ያዙት፣ አለበለዚያ ተስቦ ይገባና እንደገና ከሀ ነው የምትጀምሩት። ዞሮ ሲወጣ አለመጠማዘዙን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ሁለቱን ጫፍ 2 ሴንቲ አደራርባችሁ ደጋግማችሁ ስፉት፣ ክፍቱን ዝጉ፣ አለቀ። የቁልፉን መደዳ ፊት ለፊት ከማድረግ ወደ አንድ ጎን፣ ታፋ ላይ እንዲወርድ አዙራችሁ ልበሱትና ከታች ሁለቱን ቁልፍ ክፈቱት፣ ለኔ እንደዛ ነው ስታይል የሚኖረው።

ማሽኗ ሲንገርም ትሁን በተርፍላይ፣ ከጨርቁ ስር ክሩ ቀለበት ቀለበት እየሰራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ላልቷል ወይ በቦታው አልገባም፣ ሌላ ከመነካካታችሁ በፊት ክሩን አውጥታችሁ እንደገና ክተቱት። ማሽን የሌላችሁ ደሞ ቁረጡ፣ እጠፉ፣ በነጭ ክር በረጅሙ ወስውሱና ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ውሰዱት፣ ሀሳቡን ሳይሆን ስፌቱን ብቻ ስለምታሰሩት ብዙ አይጠይቃችሁም፣ "ይሄ ምን እንዲሆን ነው?" ብሎ በራሱ መንገድ የመስራት እድልም አይኖረውም።

አጠረብኝ የምትሉ ትኖራላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ከብብት በታች የሚተርፈው ወደ 50 ሴንቲ ቢሆን ነው፣ የወገቡ ተቀንሶ ጉልበት ላይ እንኳን የማይደርስባችሁ አላችሁ። እዚህ ጋ ነው ከታች ሽንሽን ሆኖ የሚቀጠለው ሁለተኛ ሸሚዝ የሚመጣው፣ አንዱ ባለ መስመር ሌላው ደፍን ቀለም ቢሆን ደስ ይላል፣ ሁለቱም ግን ጥጥ ወይም ሁለቱም ቅልቅል ይሁኑ። የመጀመሪያውን የጉርድ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ከርክሙት (ህጌን ጣስኩ አውቃለሁ፣ የወንድ ሸሚዝ ታቹ ክብ ስለሆነ ሽንሽን አይቀበልም)። ከሁለተኛው ሸሚዝ ወገብ ላይ ቁመታቸው 22 ሴንቲ የሆኑ ዙሪያውን የሚሄዱ ሁለት ቁራጮች ቁረጡ፣ የቁልፉን መደዳ አውጡና ሁለቱን በአንድ ጫፋቸው አጋጥሙ፣ ረጅም መቀነት ይሆናል፣ ከጉርዱ ዙሪያ እጥፍ ገደማ። ሽንሽን ለማውጣት አንድ ተኩል እጥፍም ይበቃ ነበር፣ ሁለት ሲሆን ግን ሞላ ይላል። ከላይኛው ጠርዝ ማሽኗን ረጅሙ ስፌት ላይ አድርጋችሁ በግማሽ ሴንቲ ርቀት ሁለት መስመር ስፉ፣ ጫፉን ሳትቆልፉ፣ ከዛ የስሩን ክሮች ብቻ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዛችሁ ሳቡ፣ ጨርቁ እራሱ ይሸነሸናል። መቀነቱንም ጉርዱንም አራት እኩል ቦታ ምልክት አድርጉና ምልክት ከምልክት በስፒል አጋጥሙ፣ ይሄን ከዘለላችሁ ሽንሽኑ ሁሉ አንድ ጎን ይከማቻል። ከተሰፋ በኋላ ጥሬ ጠርዙን ኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚዘመዝም ማሽን) ያለው ሰው ጋ ብትወስዱት ጥሩ፣ ከሌለ በዚግዛግ።

ባለ ጥለቱን እኔ ከሁሉም እወደዋለሁ። መሀሉ የተቀደደ ነጠላ የሌለበት ቤት የለም መቼስ፣ ጨርቁ ያልቃል ጥለቱ ግን ምንም አይሆንም። ጥለቱን ከሸማው 1 ሴንቲ አስተርፋችሁ ቁረጡት፣ እና ነጭ ሸሚዝ ላይ ከመስፋታችሁ በፊት ለብቻው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ እርጥብ እያለ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጉት። በተለይ ቀይና ጥቁር ይለቃል፣ ከለቀቀ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ እንቢ ካለ ነጭ ላይ አትስፉት፣ ጥቁር ሸሚዝ ፈልጉለት። በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ለዛም ነው መጀመሪያ የሚታጠበው። ሲደርቅ ያስተረፋችሁትን 1 ሴንቲ ወደ ስር አጥፋችሁ ተኩሱና ከቁልፍ ቀዳዳው መደዳ ጎን ጠጋ አድርጋችሁ ስፉት፣ መደዳው ላይ ካሳረፋችሁት ቀዳዳዎቹን ይሸፍናቸዋል። መጀመሪያ በእጅ ወስውሱት፣ ሸማ ማሽን ስር ሲገባ ይሳባል፣ በስፒል ብቻ ከታመናችሁ ታች ስትደርሱ ይጣመምባችኋል። የቀረችውን ቁራጭ እጅጌው አንጓ ላይ፣ ኮሌታው ላይ ግን አታድርጉ፣ አንገት ላይ ሸካራ ነው፣ ደረትና እጅጌ ላይ እያለ ኮሌታም ሲጨመር ደሞ የባህል ጭፈራ ቡድን ያስመስላል። ሰው ሽሮ ሜዳ ሄዶ በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ ከሚገዛ ጂንስ ላይ የሚለበስ እንዲህ ያለ አንድ ቢኖረው ምን ይለዋል?

የልጅ ቀሚስ ያው የጉርዱ ታናሽ ነው። ሸሚዙን ብብቱ ጋ ቁረጡ፣ ቁልፉን ወደ ጀርባ አዙሩት፣ ከላይ ሁለት ጎን ላይ የክንድ ክብ አውጡ፣ የልጅቷን የሚስማማትን ሌላ ቀሚስ ላዩ ላይ አንጥፋችሁ ተከትላችሁ ቁረጡ፣ ግምት አያስፈልግም። የክንዱን ጠርዝ ከእጅጌው ቆርጣችሁ ባወጣችሁት ቀጭን ቁራጭ ጠቅልሉት፣ ደረቱንና ጀርባውን ከላይ አጥፋችሁ ጥብጣብ አሳልፉበትና ትከሻ ላይ እሰሩት። ጥብጣቡ አጭር ይሁን፣ ልጅ ሲሮጥ የትም የሚያዝ ረጅም ማሰሪያ አንገት አካባቢ አትተዉ። ከሶስት አመት በታች ላለች ልጅ ደሞ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በእጅ አጠንክሩ፣ አፏ ነው የሚገባው።

ሸሚዙን እንዳለ መልበስ የምትፈልጉና ኮሌታው ብቻ የበላባችሁ ካላችሁ የድሮ ልብስ ሰፊዎችን ዘዴ ተጠቀሙ፣ ኮሌታ መገልበጥ። ኮሌታው ከአንገቱ ማቀፊያ ጋር የተያያዘበትን ስፌት ብቻ በምላጭ ተርትሩ፣ መሀሉን በስፒል ምልክት አድርጋችሁ አውጡት፣ ያለቀው ፊት ወደ ስር እንዲሆን ገልብጣችሁ እዛው ክፍተት ውስጥ መልሱት፣ ወስውሱ፣ ስፉ። ጫፎቹ ላይ ቁልፍ ያለው ወይም የፕላስቲክ ማጠንከሪያ የሚገባበት ኮሌታ ከሆነ አይሆንም፣ ቀዳዳው ከላይ ይቀራል። እሱን ሙሉ በሙሉ አውጡትና ማቀፊያውን ብቻ ትታችሁ ዝጉት፣ ኮሌታ አልባ ሸሚዝ ይሆናል፣ አሁን የሚለበሰውም እሱ ነው። የጎደለ ቁልፍ ካለም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ከውስጥ ታች የመደዳውን ጫፍ ወይ የጎኑን ምልክት እዩት፣ ብዙ ሸሚዝ ላይ መለዋወጫ ቁልፍ እዛ ተሰፍቶ ይመጣል።

ስለ ቲሸርት ብዙ አልልም፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ስለሆነ ጫፉ ክብ ለሆነ የማሽን መርፌና ለዚግዛግ ስፌት ነው የሚመቸው፣ በተራ መርፌ ቀጥ አድርጋችሁ ከሰፋችሁት ወይ ስፌት ይዘላል ወይ ስትለብሱት ክሩ ይበጠሳል። ደግነቱ ጠርዙ ክር አይተረትርም፣ ስለዚህ ታቹንና አንገቱን ቆርጣችሁ ሳትሰፉ ብትተዉት ወደ ውጭ ይጠቀለላል እንጂ አይበላሽም።

የሰራችሁትን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታጥቡ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው እጠቡ፣ ባለ ጥለቱን አትጭመቁት፣ ጥላ ላይ ስጡት። ከደረቀ በኋላ የላስቲኩን መጋጠሚያና የሽንሽኑን መስመር አንዴ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ እዩ፣ የላላ ስፌት ካለ አሁኑኑ ድገሙት።