አራት ኪሎ ተቀምጦ የባሕርን ሙላት መተንበይ

የጅቡቲ ባሕር ነገ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጎድል አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ላፕቶፕና የቆየ ልኬት ይበቃል።

በየሰዓቱ የተለካ የባሕር ከፍታ አውርዱ። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ከፍታ ማዕከል የብዙ ወደቦችን በነፃ ይሰጣል። በግራፍ አውጥታችሁ በደንብ እዩት። ድንገት የዘለለ ቁጥር ካለ አስወጡት። የጎደለውን ሰዓት ግን በግምት አትሙሉ፣ ክፍተት ቢኖርም ሂሳቡ ይሠራል።

ሙላቱ የብዙ ምቶች ድምር ነው። የጨረቃ ዋናው ምት፣ ኤም 2 የሚባለው፣ በ12.42 ሰዓት ይመላለሳል፤ የፀሐይ ኤስ 2 ደግሞ በ12 ሰዓት። በቀን አንዴ የሚመጡም አሉ። ፍጥነታቸው ከሥነ ፈለክ ይታወቃል፤ ከመዝገቡ የምንፈልገው የእያንዳንዱን መጠንና ጫፍ የሚደርስበትን ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ዩታይድ የሚባለው የፓይተን ፕሮግራም ያወጣላችኋል። የቦታውን ኬክሮስ ስጡት፤ ጨረቃ በ18.6 ዓመት የምታመጣውን ለውጥ የሚያስተካክለው በሱ ነው። ኤም 2ን ከኤስ 2 ለመለየት 15 ቀን ገደማ ይበቃል፤ ኤስ 2ን ኬ 2 ከሚባለው፣ በጣም ከሚቀራረበው ምት ለመለየት ግን ግማሽ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ዓመት መዝገብ ያዙ። ከዚያ ምቶቹን ለነገው ሰዓት መልሶ መደመር ነው፣ ትንበያው ያ ነው።

አሁን እባካችሁ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ይመስለኛል። መረጃው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ከሆነ 06:00 ማለት በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የስልካችሁ ሰዓት ደግሞ 9:00 ይላል። እኔ አንድ ጊዜ ያንን 9 እንደ ቀኑ 9 ሰዓት ቆጠርኩት። 6 ሰዓት ተዛነፈ ማለት ነው፣ ይህም የኤም 2 ግማሽ ያህል ስለሆነ ሙላት ያልኩት ጉድለት ሆኖ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ስፈትሽ ነበር፣ ኮዱ ግን ምንም አልነበረበትም።

ከልኬቱ ላይ ስሌቱን ስትቀንሱ የሚተርፈው በአብዛኛው የነፋስና የአየር ግፊት ሥራ ነው፤ ግፊቱ 1 ሚሊባር ሲወርድ ባሕሩ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በቀሪው ላይ የ12 ሰዓት ምት አሁንም ከታየ መሣሪያው መሃል ላይ ሰዓቱን ስቶ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የተዛነፈ ሰዓት ግን እዚያ አይታይም፣ ስሌቱ ውጦት ያልፋል። እሱን የምትይዙት ከወደቡ የታተመ የሙላት ሰንጠረዥ ጋር ስታስተያዩ ነው።