ያለ ኮምፒውተር በሳምፕለር ለምትሠሩ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሳምፕለር (ድምፅ ቀርጾና ቆርጦ ፓድ በሚባሉ ቁልፎች የሚያጫውት ማሽን) ገና ከካርቶኑ ወጥቶ ሲበራ ብዙ ነገር ተወስኖለት ነው የሚመጣው። ቴምፖው ብዙ ጊዜ በደቂቃ 120 ምት ላይ ነው፣ ምቱ 4/4፣ ሲኩዌንሰሩ (ድምፆቹን በተራ የሚያጫውተው ክፍል) 16 ስቴፕ ወይም እርከን ይቆጥራል፣ ቅኝቱም ላ 440 ኸርዝ ነው። ይህን የወሰነው ጎተንበርግ፣ ስዊድን የተቀመጠ የኤሌክትሮን ኩባንያ ባለሙያ ወይም ሐማማትሱ፣ ጃፓን ያለ የሮላንድ መሐንዲስ ነው፤ ለሚያውቁት ሙዚቃ ደግሞ በደንብ ወስነዋል። ክራርና ከበሮ ይዞ የሚመጣው የእኛ ሰው ግን ማሽኑ ያቀረበለትን እንዳለ ይቀበልና "ይሄ ዕቃ ለሀበሻ ሙዚቃ አይሆንም" ብሎ ያስቀምጠዋል። ከታች ከማነሣቸው ውስጥ ግማሾቹ የዚህ ልጆች ናቸው። የማወራው ያለ ኮምፒውተር ብቻቸውን ቆመው ስለሚሠሩት ማሽኖች ነው፤ የአካይ ኤምፒሲ፣ የኤሌክትሮን ዲጂታክት፣ የሮላንድ ኤስፒ-404 እና መሰሎቻቸው።

ችክችካን በ16 ስቴፕ ላይ መጫን

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ችክችካ 6/8 ነው፤ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። 16 ስቴፕ ያለው ሲኩዌንሰር ግን ምቱን ለአራት ይከፍለዋል። ስለዚህ የከበሮው ቀጫጭን ምት ሁሌ ሁለት ስቴፕ መሃል ይወድቃል፤ ሰውየውም ወደሚቀርበው ስቴፕ ይገፋዋል። የሚወጣው ትከሻ የማያነቃንቅ፣ የሆነ ቦታ ላይ የሚያነክስ ነገር ነው።

መፍትሔው ርዝመቱን 12 ማድረግ ነው። ዲጂታክት ላይ የፓተርኑን (የሚደጋገመውን ድርድር) ርዝመት ከ16 ወደ 12 ታወርዳላችሁ። አሁን ምቶቹ 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ናቸው። ለመነሻ ያህል ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ 1 እና 7 ላይ፣ ጭብጨባውን 4 እና 10 ላይ አስቀምጡ። ቀጭኑን የከበሮ ድምፅ በመሃል ባሉት ስቴፖች ላይ እየቀያየራችሁ፣ አንዳንዱን ጠንከር አንዳንዱን ለስለስ እያደረጋችሁ ፈልጉት። ይህ አጥንቱ ብቻ ነው፤ ሥጋው የሚመጣው ከድምፁ ጥንካሬ ልዩነት ነው። ሁሉንም በእኩል ጉልበት ከመታችሁት ከበሮ መሆኑ ቀርቶ የልብስ ስፌት መኪና ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ቴምፖውን ነው። ስክሪኑ 120 እያለ 12 ስቴፕ ስታጫውቱ ጆሯችሁ የሚሰማው 160 ነው፤ ምክንያቱም ማሽኑ አንድ ምት የሚለው አራት ስቴፕን ሲሆን እናንተ የምትጨፍሩት በየሦስቱ ነው። 120 እንዲሰማችሁ ከፈለጋችሁ ስክሪኑን 90 አድርጉት። ዲጂታክት ላይ ሌላም መንገድ አለ፤ የፓተርኑን ፍጥነት ወደ 3/4 ስትቀይሩት የምታነቡትና የምትሰሙት ቁጥር አንድ ይሆናል። ኤምፒሲ ያላችሁ 4/4ን ሳትነኩ ኳንታይዙን (ምታችሁን ወደሚቀርበው መስመር የሚስበውን) 1/8 ትሪፕሌት፣ ማለትም ምቱን ለሦስት የሚከፍል ብታደርጉት ይበቃል፤ በአንድ ባር (አራት ምት) ውስጥ 12 ቦታ ታገኛላችሁ። ዲሌይ (ድምፁን እንደ ማሚቶ የሚደግመውን ኢፌክት) የምትጠቀሙ ከሆነም አስቡበት፤ 90 ላይ አድርጋችሁ በ12 ስቴፕ ስትሠሩ ምቱን የሚከተለው ዲሌይ 3/16 ነው እንጂ 1/4 አይደለም።

ስዊንግ ሁሉን ያስተካክላል ብሎ ማመን

"ስዊንጉን 66 አድርገው፣ ችክችካ ይሆንልሃል" የሚል ምክር ብዙ ሰምቻለሁ። አይሆንም። ስዊንግን ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. 1980 በወጣው ኤልኤም-1 በተባለው የከበሮ ማሽኑ ላይ አስገባው፤ በ1988 ለአካይ የነደፈው ኤምፒሲ60ም ይዞት ወጣ። ሥራው እያንዳንዱን ሁለተኛ ስቴፕ ማዘግየት ነው። 50 በመቶ ቀጥ ያለ ነው፣ 66 አካባቢ ትሪፕሌት ይሆናል፣ 75 ጣሪያው ነው። ነገር ግን 66 ላይ የምታገኙት ከሦስቱ አንደኛውንና ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ የመሃለኛው ቦታ የለም። ሻፍል የሚባለውን እየዘለለ የሚሄድ ምት ለመሥራት በቂ ነው። ችክችካ ላይ ግን ያ የመሃለኛው ምት ያስፈልጋችኋል።

በሌላ በኩል ኳንታይዝን መቶ በመቶ አድርጎ መተውም የዚያኑ ያህል ይገድላል። አሜሪካዊው የሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰር ጄ ዲላ የሚታወቀው ድምፆቹን በጣቱ እየመታ፣ ከመስመሩ ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ እያንሸራተተ በመሥራቱ ነው፤ የተጠቀመበት ኤምፒሲ3000 ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። የእኔ ልማድ ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ መስመር ላይ ማሰር፣ ጭብጨባውን ትንሽ ማዘግየት፣ ቀጭኑን ጨርሶ ኳንታይዝ አለማድረግ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ እኩል አያጨበጭብም።

ክራሩን ማሽኑ ላይ ማስገደድ

ክራር ተጫዋች የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው፤ 440 አይጠይቅም። ሳምፕል ታደርጉትና ማሽኑ ውስጥ ካለው ቤዝ ጋር ሲገጥም ይኮመጥጣል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ክራሩን ወደ ማሽኑ ማምጣት ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ ቤዙን ወደ ክራሩ ውሰዱት። በእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ መሃል 100 ሴንት አለ፤ ክራሩ 30 ሴንት ዝቅ ያለ ከሆነ ቤዙን 30 ሴንት ዝቅ ማድረግ አንድ ቁልፍ ማዞር ነው። ክራሩን ከፍ ካደረጋችሁት ግን ያነሳችሁት ቃናውን ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱም አብሮ ይቀየራል፣ የጅማቱም ባሕርይ ይሳሳል። በታይም ስትሬች ፍጥነቱን ብትይዙትም የመሰንቆ ጭረት ላይ የብረት ድምፅ ይተዋል።

ሌላው፣ 16ቱን ፓዶች በተራ በተራ ግማሽ ድምፅ መደርደር ነው። ማሽኑ እንደዛ ስለሚያቀርበው ሰዉ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ግማሹን ፓድ "አትንኩኝ" ብሎ ያስቀምጠዋል። ቅኝታችን ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ አምስት በሦስት ኦክታቭ 15 ይሆናል፣ 16ኛው ፓድ የላይኛው መነሻ ድምፅ ነው። ልክ ይገጥማል! አንዱን ሳምፕል ወደ ፓዶቹ ገልብጡና በግማሽ ድምፅ ቁጥር አስተካክሉ፦ ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፤ ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፤ አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። ከዚያ 12 እየደመራችሁ ወደ ላይ ውጡ። አዝማሪ የሚቃኘው ከእነዚህ ቁጥሮች በጥቂት ሴንት ይሸሻል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው። አንድ የክራር ምት ሦስት ኦክታቭ ስለማይሸከም ለእያንዳንዱ ኦክታቭ አንድ አንድ ቅረጹ።

ጮክ አድርጎ መቅረጽ፣ ያለ ቦታው መቁረጥ

የዲጂታል ቀረጻ ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ አይጠገንም። የከበሮ የመጀመሪያ ምት ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከፍተኛው ምት ከዜሮ በታች 6 እስከ 12 ዴሲቤል እንዲሆን አድርጋችሁ ቅረጹ። ሳሳ ቢልባችሁ በኋላ መጨመር ይቻላል። 16 ፓድ በአንድ ላይ ሲደመሩ ምን ያህል እንደሚጮሁ ደግሞ አትርሱ።

ሳምፕል ስትቆርጡ መነሻውን በደንብ አጉሉት። ሞገዱ የመሃሉን መስመር ከሚያቋርጥበት ውጭ ከቆረጣችሁ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይገባል። መሰንቆ ላይ ደግሞ ጣቱ እየተንሸራተተ ባለበት መሃል አትቁረጡ፤ ከመንሸራተቱ በፊት ወይም ካረፈ በኋላ ቁረጡ። የተዘጋና የተከፈተ ሃይ ሃት ካላችሁ በአንድ ሚውት ግሩፕ ውስጥ ክተቷቸው፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ዝም ይበል።

ቪዲዮ አይቶ መግዛት

ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደምትቀርጹ ቁጠሩ። ስቴሪዮ ድምፅ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያው ዲጂታክት (2017) በአንድ ፕሮጀክት 64 ሜጋባይት ነው ያለው፣ ሞኖ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚቀርጸውም ከ33 ሰከንድ አያልፍም። ለከበሮና ለአጫጭር ቁራጭ ድንቅ ነው፤ ሙሉ የአዝማሪ ዘፈን ጭናችሁ ልትጫወቱበት ካሰባችሁ ግን ዕቃችሁ አይደለም። ለዚያ ኤስፒ-404 ማርክ 2 ወይም 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ኤምፒሲ ዋን ይሻላል። ኦክታትራክ ሁሉንም ይችላል፤ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይበላል፣ ለጀማሪ አልመክረውም።

ትንሽ ሚሞሪ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኢሙ ኤስፒ-1200 በጠቅላላው 10 ሰከንድ ብቻ ነበር የሚይዘው። የዚያን ጊዜ የሂፕ ሆፕ ልጆች ሸክላውን በደቂቃ በ33 ዙር ፋንታ በ45 እያዞሩ ይቀርጹና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። ዛሬ ሰዉ በገንዘብ የሚገዛው ያ ሻካራ ድምፅ ግማሹ የመጣው ከዚያ ቁጠባ ነው።

አዳፕተርና መብራት

ከአሜሪካ ዕቃ ስታስልኩ ወይም ስታመጡ መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ኢንፑት 100–240 ቮልት ካለ ችግር የለም፤ ማስተካከያ ሶኬት ብቻ ይበቃል። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 በቅጽበት ያቃጥለዋል። አሮጌ ኤምፒሲ የምትፈልጉ በተለይ ጀርባውን ፎቶ አስነሥታችሁ እዩ። አዳፕተር ስትተኩ ደግሞ ጫፉ ስለገባ ብቻ አትሰኩ፤ የሮላንድና የቦስ የ9 ቮልት አዳፕተር መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ሌሎች ብዙዎቹ ፖዘቲቭ ናቸው።

መብራት እንደሚጠፋ ከማንም በላይ እናውቃለን፣ ግን ሴቭ የምናደርገው ስንጨርስ ነው። ኤምፒሲ ላይ የቀረጻችሁት ሳምፕል ሴቭ እስኪደረግ ድረስ ጊዜያዊ ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ኤምፒሲ ላይቭ የራሱ ባትሪ አለው፣ ኤስፒ-404 ማርክ 2 በስድስት ድንጋይ ባትሪ ይሠራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህ ከማንኛውም ኢፌክት በላይ የሚመዘን ነገር ነው።

ሁለት ማሽን ስታገናኙ

አጭሩ ምክር አንዱ ብቻ ይምራ፣ ሌላው ይከተል። ሰዓቱ (ቴምፖውን የሚነግረው ምልክት) በዩኤስቢም በሚዲ፣ ማለትም ማሽኖች በሚነጋገሩበት ኬብልም ከገባ ቴምፖው ይዘላል። ትንሹ የሚዲ ጃክ ኤ እና ቢ የሚባል ሁለት ዓይነት ሽቦ አለው፤ ማሽኑ ድምፅ አልሰጥ ካለ ከማማረራችሁ በፊት የኬብሉን ዓይነት እዩ።

"ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው" ማለት

ከድሮ ካሴትና ሸክላ መቁረጥ የዚህ ጥበብ ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ሳምፕል አድርገው ዓለም ሰምቶታል። ነገር ግን ከዚህ ሰከንድ በታች ነፃ ነው የሚል አንቀጽ በቅጂ መብት አዋጃችን ቁጥር 410/1996 ውስጥ የለም። አዋጁ የደራሲውን፣ የከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁን መብት ለየብቻ ያውቃል። ዜማው የሕዝብ ነው ብትሉ እንኳ ቀረጻው ባለቤት አለው። ቤት ውስጥ ለመለማመድ የሚከለክላችሁ የለም፤ ልትሸጡት ስትነሡ ፈቃድ ጠይቁ። አለዚያ ክራር ተጫዋች ጥሩና ሒሳቡን ከፍላችሁ ራሳችሁ ቅረጹ፤ ማንም የሌለው ድምፅ ይኖራችኋል።

ሉፑ ላይ መቅረት

አራት ባር ሠርቶ ሁለት ሰዓት መልሶ መላልሶ መስማት፣ ከዚያ ሌላ አራት ባር መጀመር። ማሽኑ በሉፕ (በሚደጋገም ቁራጭ) ስለሚያስብ እናንተንም በሉፕ ያሳስባችኋል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ሲቀርጽ ማሽኑ ያው ምቱን ነው የሚደግመው፤ ዘፈኑን የሚወስደው ግን ከላይ ያለው እጅ ነው።

ስለዚህ ፓተርኑን ሦስት አራት ቦታ ገልብጡና ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ቀንሱ፤ አንዱ ያለ ቤዝ፣ አንዱ ጭብጨባና ክራር ብቻ። ከዚያ ሶንግ ሞድ ውስጥ ደርድሯቸው፣ ወይም ሚውት ቁልፎቹን በእጃችሁ እየተጫወታችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ቅረጹት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሶንግ ሞድ ላይ ሁሉም ለውጥ በየአራት ባሩ ይመጣና አድማጩ ቀድሞ ያውቀዋል። ስትቀርጹ የመጨረሻው ምት ካለቀ በኋላ ወዲያው አታቁሙ፤ ሪቨርቡ እስኪጠፋ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ፋይሉን ስትሰይሙም ቀኑንና ቴምፖውን ጻፉበት፤ የአብዛኞቹ ማሽኖች ስክሪን የግዕዝ ፊደል ስለማያሳይ በላቲን አድርጉት።