የላፕቶፑ ከበሮ ለምን ይዘገይብኝ ነበር?

ደሴ ፒያሳ፣ ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ በላፕቶፕ ችክችካ ስመታ ድምፁ ከጣቴ ኋላ ይቀራል። የኮምቦልቻ ጓደኛዬ ያዋሰኝ የድራም ማሽን ግን ገና ስነካው ዱም! ጥፋቱን ሶፍትዌሩ ላይ ለጠፍኩ። ለካ በፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበት ማቆያ) 1024 ሳምፕል፣ ማለትም ጥቃቅን የድምፅ ቁራጭ፣ ላይ ኖሯል። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ሲሰላ መዘግየቱ 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ወደ 128 ሳወርደው 3 ሚሊሰከንድ አካባቢ ገባ። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱ አልደርስ ብሎት ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር ብሮውዘሩን ዘጋሁ፣ ቻርጀር ሰካሁ (መብራት ካለ ነው እንግዲህ)።

ድምፁስ? እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የድራም ማሽን፣ ሮላንድ ቲአር-808፣ ድምፁን የሚፈጥረው ከተቀዳ ድምፅ ሳይሆን በአናሎግ ሰርኪዩት (በኤሌክትሪክ ዑደት) ነው፤ ሁለት ምት ቁርጥ አንድ አይሆንም። የኔው ሶፍትዌር ግን ያንኑ ቅጂ ይደጋግማል። የየምቱን ጉልበት በጥቂቱ አዛነፍኩት፤ ነፍስ ዘራ። ማሽኑን ነገ እመልሳለሁ። ቁልፎቹ ግን ይናፍቁኛል።