አልጠፋ ያለው የፍሬን መብራት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ቁልፉ ሲዞር ቀዩ የፍሬን መብራት በርቶ መታየት፣ ሞተሩ ተነስቶ የእጅ ፍሬኑ ሲወርድ ደግሞ መጥፋት አለበት። ከነጭራሹ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ አለዚያም አንድ ሰው ሆን ብሎ አውጥቶታል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ሳይጠፋ ሲቀር ብዙ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይት ይጨምራል። መብራቱ ይጠፋል፤ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ የከፋ ጥገና አላውቅም። ዘይቱ ለምን እንደቀነሰ ሳይጠየቅ ምስክሩን ዝም ማሰኘት ነው።

ከሁሉ በፊት ፔዳሉን ይፈትሹ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ፤ ከዚያ እግርዎን ሳያነሱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ጠንክሮ ከቆየ ፍተሻውን ቤትዎ መቀጠል ይችላሉ። ቀስ እያለ ከወረደ ወይ ዘይት ይፈስሳል፣ ወይ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ውስጥ ያለው ማሸጊያ ጎማ አልቋል። እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ የሚሄደው ተጎትቶ እንጂ ተነድቶ አይደለም፤ ጋራዡ ቅርብ ቢሆንም።

ፍሬን ሲያዝ፣ ሲታጠፍ ወይም ዳገት ላይ ብቻ ብልጭ ካለ

ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት አጠገብ ደርሷል፤ መኪናው ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው፣ መብራቱን የሚያበራው ተንሳፋፊ ይወርዳል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ፍሳሽ ሳይሆን ያለቀ የፍሬን ሸራ ነው። ሸራው በሳሳ ቁጥር እሱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከኋላው የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላው ከማጠራቀሚያው የሚወርደው ዘይት ነው። ስለዚህ ጎማውን ፈትተው የሸራውን ውፍረት ይዩ። 3 ሚሊሜትር ገደማ ከቀረው መቀየሪያው ደርሷል። ሸራውን ሳያዩ ዘይት ከሞሉ፣ አዲሱ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይገፋና ዘይቱ ሞልቶ ይፈስሳል። የነካውን ቀለም ስለሚልጥ ወዲያውኑ በውኃ ይታጠብ።

ሸራው ወፍራም ሆኖ ዘይቱ ከቀነሰ ግን በእርግጥ የሚፈስበት ቦታ አለ። የጎማዎቹን የውስጥ ገጽ፣ በተለይ የኋላዎቹን ታምቡሮች ሥር፣ እንዲሁም ከፔዳሉ በላይ ያለውን ግድግዳ በጣትዎ ይዳስሱ። የፍሬን ዘይት ቀጭንና አንሸራታች ነው፤ እንደ ሞተር ዘይት ሳይሆን በውኃ ብቻ ይለቃል።

ዘይቱ ሙሉ፣ ፔዳሉ ጠንካራ፣ መብራቱ ግን ሁልጊዜ የበራ ከሆነ

እዚህ ላይ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ዘንግ ወደ ታች ጫን አድርገው ይዩ። ያኔ ከጠፋ፣ ዘንጉ ሥር ያለው ትንሽ ማብሪያ ቦታውን ስቷል ወይም ቆሻሻ ይዞታል፤ ማጽዳትና ማስተካከል ይበቃል። ካልጠፋ የማብሪያውን ሽቦ፣ ቀጥሎም የዘይት ማጠራቀሚያውን ሶኬት በየተራ ይንቀሉ። እንደ ቀድሞዎቹ ኮሮላዎች ባሉ መኪኖች ሶኬቱ ሲነቀል መብራቱ ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ የያዘው ማብሪያ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩ አዳዲስ መኪኖች ግን መነቀሉን ራሱን እንደ ብልሽት ሊቆጥሩት ስለሚችሉ በዚህ ፈተና ብቻ አይፍረዱ።

ከሌላ መብራት ጋር አብሮ ከበራ

ከባትሪው መብራት ጋር ከሆነ ፍሬኑን ትተው ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ይመልከቱ። በብዙ የጃፓን መኪኖች የሁለቱ መብራቶች መስመር የተያያዘ በመሆኑ ዲናሞው ሲደክም አብረው ይበራሉ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ቮልቴጅ ከ13 በታች ከሆነ ጥርጣሬው ልክ ነው። ይህን ባለማወቅ ደህና ሸራ የሚያስለውጥ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት ጋር ከሆነ ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የፍሬን ኃይል የሚያከፋፍለው ሥርዓት ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል። በድንገት ሲያዝ የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው ሊንሸራተቱ ስለሚችሉ ዝግ ብለው ወደ ባለሙያ ይሂዱ፤ የምርመራ መሣሪያ ይፈልጋል።

ዘይት መጨመር የግድ ሲሆን

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ይጠቀሙ። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢቀላቀሉ ጉዳት የለውም፤ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የፍሬኑን ማሸጊያ ጎማዎች አሳብጦ መላውን ሥርዓት ያበላሻል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፦ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት የገባበት ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲኬድ ፍሬኑ በጣም ስለሚግልና ዘይቱ ከፈላ ፍሬኑ ስለማይዝ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ተከፍቶ ወራት የቆየ ጠርሙስም ከመደርደሪያ ተነስቶ አይጨመር።