ሁለት የአሜሪካ ኮሌጆችን ጎን ለጎን ለማወዳደር

የደረጃ ሰንጠረዡን ለጊዜው ተዉትና ከሥርዓተ ትምህርቱ ጀምሩ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ችሎታን ከማስመስከር በቀር ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የጋራ የግዴታ ኮርስ የለውም። ኮሎምቢያ ኮሌጅ ግን ሥነ ጽሑፍን፣ ፍልስፍናን፣ ሙዚቃንና ሥነ ጥበብን በኮር ካሪኩለሙ (በጋራ የግዴታ ኮርሶቹ) ለሁሉም ያስተምራል። የብራውን ነፃነት ደስ ይላል፤ አማካሪ መምህሩን ደጋግሞ የማያማክር ተማሪ ግን ኮርሶቹ ይበታተኑበታል።

ቀጥሎ የትምህርት ዘመኑን አከፋፈል እዩ። የዳርትማዝ ኮሌጅ አንድ ተርም (የትምህርት ወቅት) አሥር ሳምንት ገደማ ነው፤ አንድ ሳምንት ታሞ የተኛ ተማሪ የኮርሱ አንድ አሥረኛ አመለጠው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የክፍል መጠን ላይ ነው። የኮሌጁን ስም ከ«ኮመን ዳታ ሴት» (Common Data Set፣ ኮሌጆች ስለራሳቸው መረጃ የሚሞሉበት የጋራ ቅጽ) ጋር ጽፋችሁ በኢንተርኔት ፈልጉና የቅጹን ምዕራፍ «አይ» (I) ክፈቱ። እዚያ ያለው የክፍል መጠን ሰንጠረዥ የሚቆጥረው ክፍሎችን እንጂ ተማሪዎችን አይደለም። ዘጠኝ ክፍሎች 10፣ አንዱ ደግሞ 210 ተማሪ ቢይዙ «90 በመቶው ክፍል ትንሽ ነው» ይባላል፤ ከ300ው መቀመጫ 210ሩ ያለው ግን በትልቁ አዳራሽ ነው። ስለዚህ ከ50 በላይ ተማሪ የሚይዙትን ለይታችሁ ቁጠሩ። የምታስቡት የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ስንት ተማሪ እንዳለውም በኢሜይል ጠይቁ።

ለግቢው ኑሮ የዚሁ ቅጽ ምዕራፍ «ኤፍ» (F) በኮሌጁ ማደሪያ የሚኖሩትን በመቶኛ ያሳያል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ የቤት ኪራይን ከወጪው ጋር ደምሩ። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ተማሪ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር እረፍት ማደሪያውና መመገቢያ አዳራሹ ይዘጉ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።