ክፍሉን ካሜራ አድርጎ መሣል

በጨለማ ክፍል መስኮት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብትበሱ የውጭው ምስል ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ያንን ተከትሎ መሣል ይቻላል። ፀሐይ በደንብ ያረፈችበት ዛፍ ወይም ሕንፃ ፊት ለፊት የሚታይበት መስኮት ምረጡ። ፀሐይዋ ራሷ ግን በመስኮቱ መግባት የለባትም። ሰማዩ ከደመነ ሌላ ቀን ሞክሩ፤ በከንቱ ትደክማላችሁ።

መስኮቱን በካርቶን ሸፍናችሁ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በበሩ ሥር ሾልካ የምትገባ ቀጭን ብርሃን ምስሉን ታደበዝዘዋለች። ካርቶኑን መሃሉ ላይ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቁረጡና አሉሚኒየም ፎይል ለጥፉበት። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ቀዳዳ የምትበሱት ፎይሉን ነው። ካርቶኑን ራሱን ብትበሱት ውፍረቱ ከጎን የሚመጣውን ጨረር ስለሚጋርድ የምስሉ ዳር ይጨልማል።

መብራት አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ታገሡ፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ምንም ያልመጣ ይመስላል። ቀስ በቀስ ዛፉ ከነቀለሙ፣ ቅጠሉ እየተወዛወዘ፣ ተዘቅዝቆ ግድግዳው ላይ ይታያል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ከጫፉ የተነሣው ጨረር ታች፣ ከግንዱ የተነሣው ላይ ያርፋል። ታዲያ ያ ሁሉ ጨረር በአንዲት ቀዳዳ ሲያልፍ ለምን አይደባለቅም? የብርሃንን ጠባይ ያጠናው ሊቅ ኢብን አል-ሀይሰም ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት መብራቶችን በቀዳዳ ፊት ደርድሮ ይህን ፈትሿል፤ አንዱን መብራት ሲጋርደው የጠፋችው ከዚያ መብራት የመጣችው የብርሃን ነጥብ ብቻ ናት፤ እያንዳንዱ ጨረር ሳይደባለቅ በራሱ መንገድ ያልፋል ማለት ነው።

የቀዳዳውን ስፋት እጥፍ ብታደርጉት ብርሃኑ 4 እጥፍ ይሆናል፣ ብዥታውም እጥፍ። ማጥበብም ወሰን አለው፦ ግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች መውረድ አያዋጣም። ብርሃን ሞገድም ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ምስሉ ጨልሞም ደብዝዞም ይቀራል።

ለመሣል ግን ሌንስ ይሻላል። ቀዳዳውን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ኃይሉ +1 የሆነ የንባብ መነጽር ሌንስ ግጠሙበት፤ ጥርት ያለው ምስል 1 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በሌንሱም ሆነ በቀዳዳው ፀሐይን በፍጹም አትመልከቱ።

ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። እጃችሁ ምስሉን ይጋርደዋል፤ ሥዕሉን ስታቀኑትም ግራና ቀኙ ተገላብጦ የታፔላው ጽሑፍ ወደ ኋላ የሚነበብ ይሆናል። ብርሃን አሳላፊ ስስ ወረቀት በፍሬም ወጥራችሁ ከጀርባው ሣሉ፤ ያን ጊዜ ላይና ታቹን ማዞር ብቻ ይበቃል። እርሳሱን መጀመሪያ የጥላዎቹ ጠርዝ ላይ አሳርፉ። ሕንፃው ይጠብቃችኋል፣ ጥላ አይጠብቅም።